የሐሊማ ሁለት ካርዶች

ሲስተር ጽጌ ማረፏን የሰማሁት ጥርሴን ልነቀል ተራ ስጠብቅ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ጥቁር የለበሰች ሴት በስልክ ስታወራ ቆይታ ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። በኔ ዕድሜ እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ማለት ነውር ስለሚመስለኝ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ማን ሞቶብሽ ነው?» አልኳት።

«አስተማሪያችን ናቸው፣ አባቴ። ነርስነት ያስተማሩን። ትናንት ቀበርናቸው።»

«ማን ይባላሉ?»

«ሲስተር ጽጌ። እኛን ያስተማሩን ደሴ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አሰብ ብዙ ዘመን ሠርተዋል ይባላል። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አብረን ሠርተናል» አልኩና ጉንጬን በመዳፌ ያዝኩ። ሴትዮዋም ሽማግሌው ጥርሱን አሞታል ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ተወችኝ። እኔ ግን ጥርሴን ረስቼው ነበር።

አሰብ የወረድኩት አብዮቱ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቤ፣ ደሴ ላይ ካምዮን ተሳፍሬ፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። የተሰጠኝ ሥራ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ነበር። ካርድ ክፍል ማለት በሽተኛው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ንዴቱን የሚወጣበት ቦታ ነው። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ከማመልከቻ ጀምሮ እስከ ሠርግ ጥሪ የግቢው ሰው ሁሉ የሚያስጽፈው እኔን ነው። ሌላ የሚያኮራኝ ነገር ስላልነበረኝ በጽሕፈቴ እኮራ ነበር።

ሲስተር ጽጌ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም። እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳና «እርሳሴን ማን ወሰደብኝ?» እያለች ግቢውን ታምሰዋለች። ከክርስቲያኑ ጋር «በእመቤቴ»፣ ከእስላሙ ጋር «ወላሂ» ስትል ሁለቱም እኩል ያምሩባት ነበር፤ ወሎዬ ናትና። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላት። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ስለሚያርቅብኝ ትቼዋለሁ።

ክፍሏ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የሳንቃ ቤት ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት እግሮች ላይ ስለቆመ ወለሉ ሰው ሲራመድበት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ይህን ወለል ያነሳሁት በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከሱ ስለሆነ ነው።

የሚያስለውና የሚያስቀምጠው ሕፃን በሌሎቹ ቀናት ይታያል። ሐሙስ ጠዋት የሚመጡት ትኩሳት የሌላቸው ልጆች ነበሩ፤ ሁለት ዓመት አልፎት መሄድ ያቃተው፣ አራት ሞልቶት ቃል የማያወጣ፣ የሰው ዓይን የሚሸሽ፣ ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭ፣ ታናሾቹን የሚነክስ። ለእንደነዚህ ያሉት ልጆች የሚሆን ሐኪም በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ይኑር አይኑር እኛ አናውቅም። ቁስል የሚያጥቡት፣ መርፌ የሚወጉት ድሬሰሮቹ «የሐሙስ ልጆች» ይሏቸዋል። ይህን ከየት ተማርሽው ሲሏት ሲስተር ጽጌ ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር።

«ከወንድሜ። እስከ ስድስት ዓመቱ አልተናገረም፤ ሰፈሩ ዱዳ ነው ብሎ ጨርሶ ነበር። ዛሬ ጠበቃ ነው። አሁን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ።»

አሠራሯ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው የሚያሳፍር ዓይነት ነው። ጫማዋን ታወልቃለች። ወለሉ ላይ ሰሌን ታነጥፍና ጀርባዋን ለልጁ ሰጥታ ትቀመጣለች። አጠገቧ አንድ የብስኩት ጣሳ አለ፤ ውስጡ ባዶ የክር ጥቅል፣ ቁልፍ፣ ቡሽ፣ ዛጎል፣ የቆርቆሮ ኩባያና ማንኪያ። ጣሳውን ትከፍትና እሷ ራሷ መጫወት ትጀምራለች። እናትየዋ «ተናገር እንጂ! ስምህን ንገራት እንጂ!» ስትል ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። አንዳንዱ ልጅ አጠገቧ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ካርዱን ይዤ በር ላይ ቆሜ ስንት ሐሙስ ወገቤን እንዳመመኝ እኔ ነኝ የማውቅ።

«ልጅ አይመረመርም፤ ይጎበኛል» ትል ነበር። «ሰው ቤት ስትሄዱ ግቡ እስክትባሉ ደጅ አትቆሙም? እንደዚያው ነው።»

ሌላም ሕግ ነበራት። አንድ አዲስ ድሬሰር በአንድ ልጅ ካርድ ላይ «ፈዛዛ ነው» ብሎ ጻፈ። ጠራችውና ካርዱን ዘረጋችለት።

«ፈዛዛ ማለት ምንድን ነው?»

«ያው… ፈዝዞ ነው የሚታየው፣ ሲስተር።»

«ምን ሲያደርግ አየኸው?»

«ቁልፉን ይዞ ሲያገላብጥ።»

«እንግዲያው ቁልፍ ያገላብጣል ብለህ ጻፍ። ስም ማውጣት የቄስ ሥራ ነው፤ ያንተ ያየኸውን መጻፍ ነው።»

ይህን ስትናገር ከሰማኋት ሁለት ወር ሳይሞላ ነው ሐሊማ የመጣችው። ሐሊማ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ አብዱ የሚባል ሰው ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ልትገባ ሄዳ ዲሬክተሩ ስሟን ቢጠይቃት፣ ቢያባብላት፣ ቢቆጣት መልስ ስላጣባት ከክሊኒክ ወረቀት ይምጣ ብሎ መለሳት። እናቷ ዘሃራ እጇን ይዛ አመጣቻት።

ሲስተር ጽጌ እንደ ልማዷ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ጣሳው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥታ በመጠን በመጠኑ ደረደረችው። ከዚያ ሲስተር ኩባያውን ወስዳ ከልጅቷ ጀርባ ሳንቃው ላይ አስቀመጠችና በማንኪያው መታችው። ሐሊማ ዞር አለች። ደግማ መታች፤ ደግማ ዞረች። በአፍ የሚነገራት ግን በአማርኛም ሆነ እናቷ በአፋርኛ ብትሞክር አንዱም አልገባትም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ያን ዕለት ሰው በዝቶ ነበር፣ ሙቀቱም አናት ይበሳ ነበር፤ እሷም ፈረደች። ካርዱ ላይ «ጆሮዋ ደኅና ነው። አእምሮዋ ዘገምተኛ ስለሆነ ትምህርት አይሆናትም» ብላ ጻፈች። ለትምህርት ቤቱ የሄደው ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ማኅተሙን ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ጠዋት ለወደብ ሠራተኞች ቤተሰብ ክትባት ልትሰጥ ስትሄድ መዝገብ ይዤ ተከተልኳት። ሐሊማ ለአባቷ ቁርስ ይዛ መጥታ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብላ ዛጎል ትለቅማለች፤ ጀርባዋ ወደ ባሕሩ ነው። ሊነሳ የተዘጋጀ አንድ መርከብ ጡሩንባውን በድንገት ለቀቀው። እኔ መዝገቡን ጣልኩት። ፍየሎች በረገጉ፤ ክንዱን ለመርፌ የዘረጋ ሕፃን በጩኸት አለቀሰ። ሐሊማ ዛጎሏን እየለቀመች ነበር።

ሲስተር ጽጌ መርፌውን ለድሬሰሩ ሰጥታ ሄደችና ከልጅቷ ጀርባ ቆማ በኃይል አጨበጨበች። ምንም የለም። ስሟን ጠራች፤ ምንም። እጇን ያዘችና ክሊኒክ ድረስ ይዛት ሄደች፤ እኔም ከኋላ ከኋላ። ሳንቃው ላይ ካቆመቻት በኋላ ከጀርባዋ ወለሉን አንድ ጊዜ በእግሯ መታችው። ሐሊማ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«በእግሯ ነው» አለች ሲስተር ጽጌ። «ያን ጊዜም በእግሯ ነው የሰማችኝ።» ከዚያም ግድግዳውን ተደግፋ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

በዚያው ቀን ዘሃራና አብዱ ቤት ሄደች። እኔን ለምን እንዳስከተለችኝ አላውቅም፤ ምናልባት ምስክር ፈልጋ ይሆናል። ልጃቸው እንደማትሰማ፣ አእምሮዋ ግን ምንም እንዳልጎደለው፣ ያንን ወረቀት የጻፈችው ተሳስታ እንደሆነ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አብዱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሲስተር፣ እኛ እኮ አንቺ ያልሽውን ነው ያመንን» አለ።

ዘሃራ ግን ቀና ብላ አየቻት። «ዓመት ከመንፈቅ ልጄን ሞኚት ብዬ ጠራሁ። ወረቀትሽ እንዲህ አለ ብለው ስለነገሩኝ።»

ሲስተር ጽጌ ሙቀቱን አላነሳችም፤ የሰዉን ብዛትም አላነሳችም። «አጥፍቻለሁ» አለች። ዘሃራ ብዙ ቆይታ ውሃ ሰጠቻት፤ ጠጣችና ወጣን።

ትምህርት ቤቱ አስቸገረ። ዲሬክተሩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የሚሽረው ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሌላ ደብዳቤ ጽፌ፣ ሌላ ማኅተም አድርጌ፣ ሲስተር ራሷ ይዛው ሄደች። ሐሊማ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አስተማሪው ሲፈልጋት ዴስኳን በጣቱ መምታት ለመደ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በኖራ ስሟን ያልጻፈችበት የሰፈር ግድግዳ አልነበረም።

ካርዱን በተመለከተ ሲስተር ጽጌ የድሮውን አልፋቀችውም። ከሥሩ በቀይ ቀለም ጨመረችበት፤ «ከላይ የጻፍኩት ስህተት ነው። ልጅቷ አትሰማም። ወለሉ አታለለኝ፤ እኔም አልተጠራጠርኩም። ጽጌ።» ከዚያ ወዲያ የጆሮ ፈተና የሚካሄደው ውጭ አሸዋው ላይ ሆነ።

አሁን ወደኔ ጥፋት ልምጣ። ከላይ መሥሪያ ቤት አንድ ወሬ መጣ። ለጠቅላይ ግዛቱ በሙሉ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ኃላፊ ሊሾም ነው፤ ከታጩት አንዷ ሲስተር ጽጌ ናት፤ ሥራዋንና መዛግብቷን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። አራት ገጽ ዕቅድ አዘጋጀች፤ እኔ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጥኩላት።

«ግርማ» አለችኝ ስጨርስ፣ «ሰው ሹመት አልፈልግም ሲል አላምነውም። እኔ እፈልገዋለሁ። ከባሕሩ ዳር ከጥዖ እስከ ደጋው ድረስ በየክሊኒኩ አንድ ሰሌንና አንድ ጣሳ እንዲኖር ማዘዝ እፈልጋለሁ። እዚህ ተቀምጬ ለምኜ አይሆንም፤ ማዘዝ ነው ያለብኝ።»

እኔም እንዲሆንላት ፈለግሁ፤ ከራሷ አብልጬ ፈለግሁ። ተቆጣጣሪው ካርዶቹን ሲያገላብጥ ያቺ በቀይ ቀለም የተጻፈባት ካርድ እጁ ገብታ ታየችኝ። ተቆጣጣሪው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት፣ ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ አዲስ ካርድ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀን ጻፍኩበት። «ልጅቷ መስማት የተሳናት ናት፤ አእምሮዋ ግን ጤነኛ ነው» ብዬ በዚያ በምኮራበት ጽሕፈቴ ሞላሁት። ከሥሩ «ጽጌ» ብዬ ፈረምኩ። የድሮውን ካርድ መሳቢያው ውስጥ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ደበቅኩት። በጣም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ተቆጣጣሪው ወፍራም ማስታወሻ ደብተር ያለው፣ ትሑት፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር። ዕቅዷን አነበበና «ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ያህል ሥልጠና ለድሬሰር ምን ያደርግለታል?» አላት።

«የሚያደርግለትን በአንድ ካርድ ላሳይዎት» አለች። «ግርማ፣ የሐሊማ አብዱን ካርድ አምጣ።»

እኔ ልሰውራት ያልኳትን ካርድ እሷ ለማሳየት ኖሯል የምታስቀምጣት። ተቆጣጣሪው ካርድ ክፍሉን ላየው ብሎ ተከትሎኝ ስለመጣ የድሮውን ማውጣት አልቻልኩም። በፊደል ተራ የተቀመጠውን፣ የኔን፣ ሰጠሁ። እሱም አነበበውና ከኋላው ለመጣችው ለሷ አቀበላት።

«ትክክለኛ ምርመራ ነው» አለ። «ምን ችግር አለበት?»

ሲስተር ጽጌ አነበበችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ወደ ካርዱ ተመለሰች። እዚያ ላይ ዝም ብትል ሹመቱ የሷ ነበር። ካርዱ ያለ እንከን አድርጓት ነበር።

«ይህ ካርድ እውነት አይደለም» አለች። «የመጀመሪያው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ላይ ልጅቷ ትሰማለች፣ ዘገምተኛ ናት ብዬ ጽፌ ከትምህርት ቤት አስቀርቻታለሁ። ላሳይዎት የፈለግሁት ያንን ነው።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?»

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈቱ የርስዎ አይመስልም።»

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለች ደግማ፣ ድምጿን ሳትቀይር።

ከሷ የቆምኩት ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ነው። የካርድ መስጫውን ባንኮ በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። የመንግሥት መዝገብ መለወጥ ከሥራ እንደሚያስባርር፣ ምናልባትም ከዚያ እንደሚብስ አውቃለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የኔን የዚያን ጠዋት ዝምታ ግን ማንም ወርቅ አይለውም። ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ ብዙ ጻፈ። የድሮውንም ካርድ አስፈልጎ አስወጣና በሁለቱም ላይ «ተሰርዟል» የሚል ቀይ ማኅተም እንዳደርግ አዘዘኝ። አደረግሁ።

ከሄደ በኋላ ክፍሏ ገብቼ፣ «ሲስተር፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። «አሁን ብትነግራቸው አንተ ትባረራለህ፣ እኔም አልሾምም። ሁለት ሰው ተጎድቶ ማን ይጠቀማል? ተወው።» እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ለኔ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ ስህተቴን ከወሰድክብኝ ምን ይዤ ላስተምር?» አለች።

እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ገቢ ደብዳቤ የምመዘግብ እኔ ስለሆንኩ ከሷ በፊት አነበብኩት። «በመዝገብ አያያዝ በታየው ጉድለት ምክንያት» ይላል፤ ቦታው ሪፖርት በማሳመር ለታወቀ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ወስጄ ሰጠኋት። አንብባ አጠፈችውና «ቁጥር ስጠው» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው ስትመልስ አየኋት። ከፍቷት ነበር። ክዳኑን ገጥማ እስክትነሳ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

ማዘዝ ባትችልም መለመኑን ቀጠለች። ወደ ጥዖና ወደ ሌሎቹ የባሕር ዳር ጣቢያዎች የሚያልፍ ድሬሰር ሁሉ አንድ ሐሙስ ሳይቀመጥ አትለቀውም፤ ሲሄድም ባዶ የብስኩት ጣሳ ታስይዘዋለች። ጣሳውን ከየት እንደምታገኘው ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ብስኩት የበላ ሰው ሁሉ ያስረክባታል። ዓመቱ ሲያልቅ የተሰረዙ ካርዶች ይቃጠላሉ። ላቃጥል ስሰበስብ የሐሊማን ሁለት ካርዶች አጣኋቸው። ራሷ ቀዳድዳ ጥላቸው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበርና።

አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። መኪናው ሲነሳ መጥታ በመስኮት እጄን ጨበጠችኝ። «ጽሕፈትህ ያምራል፣ ግርማ። ከሥሩ የራስህን ስም ጻፍበት» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ከጎኔ ያለችው ሴት መልሳ ወሬ ጀመረች። ሐዘንተኛ ዝም ማለት አይችልም።

«የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገቡ» አለች፣ «ሁለት አሮጌ ካርድ ነበር የሚያሳዩን። የአንዲት የማትሰማ ልጅ ካርድ ነው። አንደኛው ላይ ተሳስተዋል፤ ሁለተኛው ላይ ስህተቱ ተደብቋል። የትኛው ይብሳል ብለው ሲጠይቁን ክፍሉ ይንጫጫል።»

«ማን ጻፋቸው አሏችሁ?»

«ሁለቱንም እኔ ነኝ ይሉናል። እኛም እንስቃለን፤ አንደኛው ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው የሚመስል፣ ሁለተኛው ግን የብራና ጽሑፍ ነው። ‹ሲስተር፣ ይሄ እኮ የሁለት ሰው ጽሕፈት ነው› ስንላቸው፣ ‹የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ› ይሉና ወደ ትምህርቱ ይገባሉ። እስኪሞቱ ድረስ ያ ሰው ማን እንደሆነ አልነገሩንም።»

የካርድ ክፍሉ ልጅ ብቅ ብሎ «አቶ ግርማ!» ሲል ተጣራ። ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ፤ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ወደ ሴትዮዋ ተመለስኩ።

«ሁለተኛውን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳላስበው ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።